ስኳር ያነሰው የፍሬ በብል ቲ በቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ጠጪው እየጠጣ የሚያኝከው ሻይ ቢኖር በብል ቲ የሚባለው ነው። የተገኘውም በታይዋን አገር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት ነው። የታይቹንጉ ቹን ሹይ ታንግና የታይናኑ ሀንሊን የተባሉት ሻይ ቤቶች እያንዳንዳቸው «የፈለሰፍሁት እኔ ነኝ» ሲሉ ዐሥር ዓመት ያህል ተካሰው፥ በ2019 ፍርድ ቤቱ ፈልሳፊው ማን እንደ ሆነ ሳይወስን ነገሩ ተዘጋ። ለጠጪው ግን ጣዕሙ ያው ነው።

ከብርጭቆው ሥር የሚተኛው ድቡልቡል ፍሬ ታፒዮካ ይባላል። ይኸውም በእኛ አገር በወላይታና በጋሞ ከሚበላው ከካሳቫ ሥር የሚወጣ ስታርች ነው። ከ100 ግራም ደረቅ ታፒዮካ ውስጥ 88 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው። ስታርች ማለት የግሉኮስ ሰንሰለት ስለ ሆነ፥ ምራቅና አንጀት ሰንሰለቱን በጥሰው ወደ ደም ይሰዱታል። ስኳር በሽታ ላለበት ሰው ችግሩ ከዚህ ላይ ነው። አክስቴ ይህ በሽታ አለባቸው። በበዓል ቀን ልጆች ባለቀለም መጠጥ ሲጠጡ እርሳቸው ውሃ ይዘው ይቀመጣሉ፤ «እኔ ለምጄዋለሁ» ይላሉ፥ ነገር ግን ዓይናቸው ብርጭቆውን ሲከተል አይቻለሁ። ይህን ጥናት የጀመርሁት ስለዚሁ ነው።

በታፒዮካ ፈንታ የመረጥሁት አጋር ነው። ይህ ከቀይ የባሕር አረም የሚወጣ ዱቄት ሲሆን፥ በባዮሎጂ ትምህርት ባክቴሪያ የሚያሳድጉበት ያው ነገር ነው። (ከላቦራቶሪ እንዳይወሰድ! ለምግብ ተብሎ የታሸገው ብቻ ይገዛ።) የሰው ሆድ አጋርን የሚፈጭ ኢንዛይም ስለሌለው፥ አብዛኛው ወደ ስኳርነት ሳይለወጥ ያልፋል።

አስቀድሞ አንድ ረጅም ብርጭቆ የምግብ ዘይት በማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ለግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። የሚረጋው የፓልም ዘይት አይሆንም፤ የሱፍ ይሁን። ከዚያ 100 ግራም እንጆሪ ከ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ተጨፍልቆ ይጠለል። ማንጎ ያልመረጥሁት በ100 ግራም ውስጥ 15 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ስላለው ነው፤ እንጆሪ 8 ግራም ያህል ነው። ቀጥሎ 3 ግራም አጋር፥ ማለት አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ልክ፥ በ150 ሚሊ ሊትር ውሃ ሁለት ደቂቃ ይፍላ። ከእሳት ሲወርድ 50 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ የእንጆሪ ጭማቂ ይጨመርበት። አብሮ እንዳይፈላ ያልሁት የፍሬው አሲድ የአጋሩን መርጋት ስለሚያዳክም ነው።

ጥቂት በረድ ሲል መርፌ በሌለው አዲስ ስሪንጅ ጠብታ በጠብታ ወደ ዘይቱ ይንጠባጠብ። እኔን ደስ ያሰኘኝ ይህ ክፍል ነው። ውሃና ዘይት አይዋሐዱምና ጠብታው ገጹን ለማሳነስ ራሱን ሰብስቦ ድቡልቡል ይሆናል፤ ከዘይት ስለሚከብድ ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ አጋር ደግሞ ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወርዶ ሲበርድ ስለሚረጋ፥ ታች ሳይደርስ ይጠነክራል። ዘይቱ በሚገባ ያልቀዘቀዘ እንደሆነ ግን ጠብታዎቹ ከሥር ተጣብቀው አንድ ጕብታ ይሆናሉ። ፍሬዎቹ በማጥለያ ወጥተው በውሃ ይታጠቡ፤ ዘይቱ ለወጥ ይተርፋል።

ሻዩም 2 የሻይ ማንኪያ ቅጠል በ300 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ 4 ደቂቃ ተዘፍዝፎ፥ ከቀዘቀዘ በኋላ ከቀረው ጭማቂ ጋር ይደባለቅ። ወተት አይገባም፤ የራሱ ስኳር አለው፥ የፍሬውም አሲድ ያረጋዋል። ጣፋጭ ለሚሻ ጥቂት ስቴቪያ ይበቃል።

ይህ ለሁለት ሰው ነው፤ የእንጆሪው 8 ግራም ሲካፈል ለአንዱ 4 ግራም ይደርሰዋል። 50 ግራም ደረቅ ታፒዮካ ብቻውን 44 ግራም በሆነ ነበር። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን ይህንኑ 4 ግራም ይቍጠር። አክስቴ ሐኪማቸውን ጠይቀው ጠጡ፤ ፍሬዎቹንም በስትሮ መሳብ ትተው በማንኪያ በሉአቸው።