የጋራ ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ሰርቨራቸውን እንዴት ይምረጡ?

በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን የሚያተኩረው ሦስት አራት ሆነው አንድ ፕሮግራም የሚሠሩ ወጣቶች በሚገጥማቸው ችግር ላይ ነው። ፋይሉ በፍላሽ ሲመላለስ አንዱ ሌሊት ያስተካከለውን ሌላው ጠዋት በአሮጌው ቅጂ ይደርብበታል። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ ሁለት» የሚሉ ስሞች ይበዙና ትክክለኛው የቱ እንደሆነ ይጠፋል። ቨርሽን ኮንትሮል የሚባለው ዘዴ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደለወጠ መዝግቦ ይይዛል፤ የተበላሸውንም ወደ ነበረበት ይመልሳል።

ዘዴው በሁለት ይከፈላል። እንደ ሰብቨርዥን ያሉት ታሪኩን ሁሉ በአንድ ሰርቨር ላይ ያከማቻሉ፤ ሰርቨሩ ካልተገኘ አዲስ ለውጥ መመዝገብ አይቻልም። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ጊት ግን ሙሉውን ታሪክ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ብቻውን ሠርቶ ኔትወርክ ሲመጣ ከሌሎቹ ጋር ያገናኘዋል። ኬንያ ውስጥ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። በኦገስት 2023 መብራት በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ጠፍቶ ነበር፤ በሜይ 2024 ደግሞ የባሕር ውስጥ ኬብሎች ተበላሽተው ኢንተርኔት ለቀናት ተዳክሟል። ስለሆነም ምርጫችን ጊት ነው።

ሰርቨሩስ የት ይሁን? ጊትሃብን በመሰለ ድርጅት ዘንድ በነፃ ማስቀመጥ ይቻላል፤ እዚሁ ናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው ኡሻሂዲም ኮዱን ለዓለም የሚያካፍለው በዚያ በኩል ነው። ነገር ግን የሰው ቤት ምንጊዜም የሰው ነው። ጊትሃብ እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት ኢራንና ሶርያ ላሉ ተጠቃሚዎች የግል ማኅደራቸውን ዘግቶባቸው ነበር። ቅጂው በእጁ የነበረው ሰው ሥራው አልጠፋበትም።

የራሳችሁን ማቆም ከፈለጋችሁ አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል፤ እንዲያውም ባትሪው መብራት ሲሄድ ይደግፋችኋል። ዴቢያን ሊኑክስንና ጊትን ጫኑበት፤ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ አድርጉት፤ የማይለዋወጥ የኔትወርክ አድራሻም ስጡት። «ጊት» የሚል ተጠቃሚ ክፈቱና በሥሩ ቤር ሪፖዚተሪ የሚባለውን፣ ታሪኩን ብቻ የሚይዘውን ማኅደር ፍጠሩ። ከዚያ እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ ኮምፒዩተር የኤስኤስኤች ቁልፍ ያወጣል። ቁልፉ ጥንድ ነው፤ አንደኛው ለማንም አይሰጥም፣ ሁለተኛው ሰርቨሩ ላይ ይመዘገባል። ሁሉም በቁልፋቸው መግባታቸውን ካረጋገጣችሁ በኋላ በይለፍ ቃል መግባትን ዝጉ። በአንድ ዋይፋይ ላይ እስካላችሁ ድረስ ባንድል አይቆጥርባችሁም። ሥራውን በድረ ገጽ መልክ ማየት ለሚሹ ጊቲ ይስማማል፤ ጊትላብ ብዙ ሜሞሪ ስለሚበላ ለአሮጌ ላፕቶፕ አይመከርም።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለን። የሰዎችን ስም፣ የስደተኛ መታወቂያ ቁጥርና ስልክ የያዘ ዝርዝር በፍጹም ወደ ማኅደሩ አታስገቡ፤ የይለፍ ቃልም እንዲሁ። በማግሥቱ ብትሰርዙት እንኳ ታሪኩ ውስጥ ይቀራል፤ ማኅደሩን የቀዳ ሁሉ ያገኘዋል። አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው ስም በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም።

ላፕቶፑም ሊሰረቅ ይችላል። በየሳምንቱ ሙሉ ቅጂ ሌላ ቤት ወደሚቀመጥ ዲስክ ይገልበጥ፤ በወር አንድ ጊዜም ቅጂው በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍቶ ይሞከር። የአስተዳዳሪውን መግቢያ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይያዙት። አንደኛው ፕሮሰሱ አልቆ ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄድ ከሆነ የበረራው ቀን ሳይደርስ ተተኪው ይመዝገብ፤ የሄደውም ቁልፍ ከሰርቨሩ ይነሳ።