«ዴድላይን» ስለሚባለው ቃል

በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ከሚለጠፉት የእንግሊዝኛ ስሞች እንደ «ዴድላይን» የሚያስጨንቀን የለም። ሲፈታ «የሞት መስመር» እንደ ማለት ነው፤ መነሻውም ቀልድ አልነበረም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በጆርጂያ በአንደርሰንቪል የምርኮኞች እስር ቤት፣ ከትልቁ አጥር ወደ ውስጥ ዝቅ ያለ የእንጨት አጥር ተሠርቶ ነበር፤ ያን ያለፈ ምርኮኛ ዘበኛ ይተኩስበታል። እ.ኤ.አ. ከ1864 እስከ 1865 በዚያ ከታሰሩት 45,000 ያህል ሰዎች 13,000 የሚጠጉት ሞተዋል (የሚበዙት ግን በበሽታና በረሃብ ነው)። ቃሉ ወደ ጋዜጠኞች ቤት የገባው በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው።

የኛው «ቀነ ገደብ» ደም የለበትም።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ግን በስሙ ሳይሆን አብሮት በሚሄደው መስተዋድድ ነው። «እስከ ዓርብ አስረክባለሁ»፣ «እስከ ዓርብ እቆያለሁ» ስንል በአንዲት «እስከ» እንገላገላለን። እንግሊዝኛው ለፊተኛው «ባይ ፍራይደይ»፣ ለኋለኛው «አንቲል ፍራይደይ» ይላል። ከመካከላችን አንዱ ወረቀቱን «አንቲል ፍራይደይ» አስረክባለሁ ብሎ ቢጽፍ፣ መምህሩ «እስከ ዓርብ በየቀኑ ልታስረክበኝ ነውን?» ብለው መለሱለት።

ዴድላይን ላይ በጊዜው ለደረሰ «ሜት»፣ ላሳለፈው «ሚስድ» ይባላል። ይህችን ገጽ ለማባዣው ያደረስናት እንደ ሁለተኛው ነው።