ዝሆኔ አይጋባም

በሰፈራችን በልደታ አዋቂዎች «እግሬን አመመኝ» ሲሉ ዘወትር እንሰማለን፡፡ ከእግር ሕመሞች ሁሉ ግን ሰውን ከጎረቤቱ የሚለየው ዝሆኔ ነው፡፡ ብዙዎች እርግማን ወይም ተላላፊ በሽታ ይመስላቸዋል፡፡

ዝሆኔ ሁለት ዐይነት ነው፡፡ አንደኛው ትንኝ በምታስተላልፈው ትል ምክንያት በቆላ የሚገኝ ነው፡፡ ሁለተኛው፥ ይኸውም እኔ የምጽፍበት፥ በደጋና በወይና ደጋ በቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ይመጣል፡፡ የአፈሩ ረቂቅ ብናኝ በቆዳ ገብቶ የሰውነትን ፈሳሽ መተላለፊያ ይጎዳል፤ እግርም ያብጣል፡፡ በአንዳንድ ቤተሰብ የሚበዛውም በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት ስላለ ነው እንጂ ስለሚጋባ አይደለም፡፡ ይህን በሽታ በአገራችን በሰፊው የመረመሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኤርነስት ፕራይስ ነበሩ፡፡

እ.ኤ.አ. በ2013 በብዙ ወረዳዎች በተደረገ ጥናት ከተመረመሩት አዋቂዎች ከየ100ው 4 ያህሉ ይህ ዝሆኔ ተገኝቶባቸዋል፡፡ እብጠቱ በየጊዜው እየተቀሰቀሰ ትኩሳትና ብርቱ ሕመም ያመጣል፤ ገበሬውንም ከእርሻው ያስቀራል፡፡

መድኃኒቱ ቀላል ነው፡፡ እግርን በየቀኑ በሳሙና ታጥቦ፥ ቅባት ተቀብቶ ጫማ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሳል፤ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግ ደግሞ ይከላከላል፡፡

ስለዚህ ወገኖቼ፥ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ከገጠር መጥቶ አጠገባችን ቢቀመጥ እንቅረበው እንጂ አንሽሸው፡፡