ታሪክና ቋንቋ ያጠና ምሩቅ ሥራ እንዴት ይፈልግ?

በደርግ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ምሩቅን ሥራ ላይ የሚመድበው መንግሥት ነበር። ዛሬ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረውን የመውጫ ፈተና ያለፈ የባሕር ዳር ምሩቅም ሥራውን ራሱ ያፈላልጋል። የማስታወቂያ ሰሌዳው አብዝቶ የሚጠራው አካውንቲንግና ማኔጅመንት ያጠናውን ነው፤ ታሪክ ወይም ቋንቋ ያጠናው ሰሌዳ ሥር ከሚቆም ወደ ነጋዴው ይሂድ። ዲግሪውን ብቻ ይዞ ግን አይሂድ (ነጋዴ ዲግሪ አይመነዝርም)፤ የሥራ ናሙና ይያዝ። ለምሳሌ የዘጌን ቡና ለውጭ ገዢ ማስተዋወቅ የሚሻ ነጋዴ፣ ቡናው በገዳማቱ ዙሪያ ባለው ደን ጥላ ሥር እንደሚበቅል የሚያስረዳ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ይጠቅመዋል። ስለ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያነበበ ልጅ ይህን ጽፎ ያሳየው።

ነጋዴውም «የሁለት ዓመት ልምድ» ከማለት ሞክሮ ይየው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ቅጥርን ይፈቅዳል፤ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፣ ከ60 የሥራ ቀናት አይብለጥ፣ ደመወዝም ይከፈልበት።