ከእሳተ ገሞራ አደጋ እንዴት እንጠበቃለን?



እሳተ ገሞራ የሚለው ስም በኦሪት ዘፍጥረት በእሳት እንደ ጠፋች ከምናነባት ከገሞራ ከተማ የመጣ ነው። ከስሙ የተነሣ ብዙዎቻችን የሚታየን ቀልጦ የሚወርደው እሳት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ቅልጡ ዐለት አብዛኛውን ጊዜ በዝግታ ስለሚፈስ ሰው በእግሩ ሊያመልጠው ይችላል። ይልቅስ ብዙ ሕይወት የሚያጠፉት ጭቃው፣ የጋለው አመድና ጋዙ ናቸው። ከእነዚህ የሚያድነን አስቀድሞ መራቅ እንጂ ሩጫ አይደለም።

እሳተ ገሞራ የሚፈነዳው ከምድር በታች ያለው ቅልጥ ዐለት ጋዝ ተሸክሞ ወደ ላይ ሲገፋ ነው። ሲገፋም መሬት ይንቀጠቀጣል፤ ተራራው ያብጣል፤ እንፋሎትና የድኝ ሽታ ይወጣል። እንግዲህ ተራራው ብዙ ጊዜ ሳይፈነዳ ምልክት ይሰጣል ማለት ነው። ምልክቱን መስማትና አለመስማት ምን እንደሚያስከትል በሁለት ምሳሌዎች እንመልከት።

1ኛ/ በኮሎምቢያ ኔቫዶ ዴል ሩይዝ የተባለው በረዶ የለበሰ ተራራ አንድ ዓመት ያህል ምልክት ሲሰጥ ቆይቶ ነበር። ጠበብትም አደጋ የሚያሠጋቸውን ቦታዎች በካርታ አሳይተው ነበር፤ አርሜሮ የተባለችው ከተማም ከእነዚያ አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1985 ከቀትር በኋላ አመድ ሲዘንብ ሕዝቡ በየቤቱ ተረጋግቶ እንዲቆይ ተነገረው። በዚያው ሌሊት ተራራው ፈነዳ። ፍንዳታው ትልቅ አልነበረም፤ ነገር ግን በረዶውን አቅልጦ የላከው የጭቃ ጎርፍ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ከተማዋን ቀበራት። ከ20,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። በእግር የሚደረስበት ከፍ ያለ ቦታ ግን በአጠገባቸው ነበረ።

2ኛ/ በፊሊፒንስ የፒናቱቦ ተራራ በ1991 እ.ኤ.አ. ምልክት ማሳየት ሲጀምር ጠበብት መሣሪያ ተክለው ተከታተሉት። ሹማምንቱም ሰምተው በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አስቀድሞ እንዲወጣ አደረጉ። ጁን 15 ቀን የደረሰው ፍንዳታ ከሩይዙ እጅግ የሚበልጥ ሲሆን ብዙ ሺህ ሰዎች ግን ዳኑ። ከሞቱትም ብዙዎቹ ዝናብ ያራሰው አመድ ጣራ የናደባቸው ናቸው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአፋር የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ ከዚያ በፊት መፈንዳቱ ተመዝግቦ የማያውቅ ሲሆን ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ፈነዳ። አመዱ የአርብቶ አደሩን ግጦሽ ሸፈነ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮም እስከ ሕንድ ደረሰ።

ስለዚህ የሚከተሉትን እናስታውስ፤

ሀ/ ውጡ ሲባል ወዲያውኑ መውጣት፤ ንብረት ለመሰብሰብም ሆነ ለማየት አለመዘግየት። የተከለከለ ቦታ እስኪፈቀድ ድረስ አለመመለስ።

ለ/ ከወንዝ ዳርና ከሸለቆ ርቆ ወደ ከፍተኛ ቦታ መውጣት። ጭቃው የሚወርደው በወንዝ መንገድ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከአየር ስለሚከብድ በዝቅተኛ ቦታ ይተኛል፤ በ1986 እ.ኤ.አ. በካሜሩን ከኒዮስ ሐይቅ የወጣው ይህ ጋዝ 1,700 ያህል ሰዎችን በሸለቆ ውስጥ ገድሏል።

ሐ/ አመድ ሲዘንብ በርና መስኮት መዝጋት፤ ከቤት ለመውጣት ግድ ከሆነ አፍና አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን። የመጠጥ ውኃና የከብት መኖ መክደን።

መ/ በጣራ ላይ አመድ እየከበደ ከሄደ፣ በተለይም ዝናብ ከጨመረበት፣ ወደ ጠንካራ ቤት መዛወር።

ሠ/ አረጋውያንን፣ ሕፃናትንና ሕመምተኞችን ማን እንደሚያወጣቸው አስቀድሞ መወሰን። ይህ በተለይ የእኛ የወጣቶቹ ድርሻ ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ተራራውን ማንም አያስቆመውም፤ ምልክቱን ሰምቶ ጎረቤትን ይዞ መውጣት ግን በእጃችን ነው።