ሐኪሙን ማን ይጠይቀው?

ከዳባት ወይም ከደባርቅ ገጠር የመጣ ልጅ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ሲመደብ፣ ገና አናቶሚ ሳይጀምር አገሩ «ዶክተር» ይለዋል። ለክረምት ሲመለስ ጎረቤት የወገቡን ሕመም ሊያማክረው ይመጣል። ይህ ሁሉ ከፍቅር ነው። ልጁ ግን አንድ ፈተና ሲወድቅ ቤተሰቡን በሙሉ ያዋረደ ይመስለዋል፤ ከዚያ በኋላ የቤት ስልክ ማንሣት ይከብደዋል።

የጤና ተማሪ ጭንቀት ከሥራ ብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ እረፍት በፈታው ነበር። የሚያከብደው መደበቁ ነው። ሌሊቱን ዲውቲ ያደረ ኢንተርን ጠዋት ራውንድ ላይ ስለ ታማሚው የላብራቶሪ ውጤት ይጠየቃል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በእጁ ስላለፈው ሕፃን ግን የሚጠይቀው የለም። እናት ስትሞት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየች የሚድዋይፍ ተማሪም እንዲሁ ወደ ዶርሟ ገብታ ለነገው ፈተና ደብተሯን ትከፍታለች።

በ2016 እ.ኤ.አ. «ጃማ» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ከ43 አገሮች የተሰበሰበ ከ120 ሺህ በላይ የሕክምና ተማሪዎችን መረጃ መርምሮ፣ 27 ከመቶ ያህሉ ድብርት ወይም የድብርት ምልክት እንዳለባቸው አገኘ። ከእነዚህ ውስጥ ሕክምና የፈለጉት 16 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱን እኛ አገር ሆኖ መገመት አያስቸግርም። የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ የሚገኘው ተማሪው በሚለማመድበት ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ በሩ ላይ የክፍል ጓደኛው፣ ውስጥ መምህሩ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ታማሚ ተማሪ በራውንድ የሚቀርብ ኬዝ እንዳይሆን መጠበቅ የመምህራን ግዴታ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

ራስህን ለመፈተሽ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ይረዳል፤ በኢትዮጵያ በብዙ ጥናቶች ጥቅም ላይ ውሏል። ባለፉት 30 ቀናት ራስህን ቶሎ ቶሎ ያምሃል? የምግብ ፍላጎትህ ጠፍቷል? እንቅልፍ እምቢ ብሎሃል? ውሳኔ መወሰን ያቅትሃል? እያለ ይቀጥላል፤ መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ነው። በርከት ያለ «አዎ» በሽታ አለብህ ማለት ሳይሆን ባለሙያ ዘንድ ሂድ ማለት ነው። ቤተሰብህ ጠበል ቢወስዱህ አትቃወም፤ የታዘዘልህን መድኃኒት ግን አታቋርጥ።

ለፈተና ሌሊቱን በጫት ማንጋት ብዙዎች የሚመርጡት መንገድ ነው፤ ኪሳራው ግን ያመዝናል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እንቅልፍ ያባርራል፤ የተነበበው ነገር በአእምሮ የሚጸናው ደግሞ በእንቅልፍ ሰዓት ጭምር ነው።

የጎንደር የጤና ትምህርት የተጀመረው በኅብረት ነበር። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ሲከፈት የጤና መኮንን፣ የኮሚዩኒቲ ነርስና የሳኒታሪያን ተማሪዎች አብረው ይሠለጥኑ ነበር። ያ ልማድ የቡድን ሥልጠና በሚባለው ፕሮግራም ዛሬም አለ፤ የተለያየ ሙያ ተማሪዎች አብረው ወደ ጤና ጣቢያ ይወጣሉ። የተጨነቀን ጓደኛ ለማስተዋል ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አላውቅም። አብሮ የሚያድር ሰው ማን ምሳ እንደተወ፣ ማን ቡና ላይ መቀመጥ እንዳቆመ፣ ማን ሌሊቱን ሲገላበጥ እንዳደረ ያያል። ስታይ በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻው አውጥተህ ጠይቀው፤ «አይዞህ» ብለህ ለማለፍ አትቸኩል፣ እስኪጨርስ ስማው።

ጓደኛህ «ሞት በተሻለኝ» ካለ በቀጥታ ጠይቀው፦ ራስህን ለማጥፋት አስበሃል? መጠየቅህ ሐሳቡን አይተክልበትም። አዎ ካለህ ለብቻው አትተወው፤ መድኃኒትና ስለታም ነገር ከአጠገቡ አርቅ። ምሥጢር እንድትጠብቅለት ቢለምንህም በዚህ ጉዳይ ቃል አትግባለት። በዚያው ሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዘኸው ሂድ፤ ሐኪም እስኪያየው ድረስም አብረኸው ቆይ።