በሐኪም የታዘዘ የብጉር መድኃኒት አጠቃቀም

ብጉር የሚወጣው ፊትን ካለመታጠብ የተነሣ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በጉርምስና ጊዜ የቆዳ ወዝ ይበዛል፤ ወዙና የሞተው ቆዳ የጠጕሩን መውጫ ቀዳዳ ሲደፍኑት በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን በውስጡ ይራባሉ፤ ቆዳውም ይቈጣል።

ሐኪሞች ለዚህ ከሚያዝዟቸው መድኃኒቶች አንዱ አዳፓሊን የተባለው 0.1 በመቶ ጄል ነው። ሥራውም ቀዳዳው እንዳይደፈን መከላከልና የተቈጣውን ቆዳ ማብረድ ነው። አጠቃቀሙ እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ/ ማታ ከመኝታ በፊት ፊትን በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ማድረቅ፤
2ኛ/ የአተር ፍሬ የሚያህል ብቻ ወስዶ፥ በብጉሩ ጫፍ ላይ ብቻ ሳይሆን ብጉር በሚወጣበት ስፍራ ሁሉ አሳስቶ መቀባት፤
3ኛ/ ዓይንን፥ ከንፈርንና የቆሰለ ቆዳን አለማስነካት፤
4ኛ/ ቀን ቀን ፊትን ከፀሐይ ሐሩር መከላከል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊት ሊቀላና ሊላጥ፥ ብጉሩም የባሰ ሊመስል ይችላል። አብዝቶ መቀባት ቆዳን ያቃጥላል እንጂ ፈውሱን አያፋጥንም። መሻሻሉ በደንብ የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በዚህ መካከል ተስፋ ቈርጦ ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል ያለበትን ቅባት ፊቱን የሚቀባ ሰው ራሱን ይጎዳል። እነዚህ ቅባቶች ቅላቱን ለጥቂት ቀን ቢያበርዱም፥ ውለው ሲያድሩ ቆዳን ያሳሳሉ፤ ራሳቸውም ብጉር ያወጣሉ።

ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመፀነስ ያሰበች ሴት ጄሉን መጠቀም አይገባትም፤ ሐኪሟን ትጠይቅ።

መምህራንም ተማሪው በብጉሩ አፍሮ ከጓደኞቹ ሲርቅ ባዩ ጊዜ፥ ፊትህን አልታጠብህም ብለው ከመገሠጽ ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ቢመክሩት እጅግ ይጠቅሙታል።